ከአልበሙ ወደ ወረቀቱ፦ በቤተሰብ ፎቶ ተነስቶ ስለ መጻፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አብዛኞቻችን ያደግነው ቡናው እስኪፈላ ለእንግዳ አልበም በሚሰጥበት ቤት ነው። እንግዳው ገጹን ይገልጣል። «ይሄ ደግሞ ማነው?» ይላል። የቤቱ ሰው ከማጀት ሆኖ ይመልሳል። «እሱማ የጋሼ ልጅ ነው፣ በኋላ ጠፋ እኮ!» ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል። እኔ ግን «በኋላ ጠፋ» የምትለው ላይ እቀራለሁ። ጽሑፍ የሚጀምረው እዚያ ጋ ይመስለኛል።

መጻፍ ከጀመሩ ወዳጆቼ ጋር አልበም ይዘን ስንቀመጥ የሚመላለሱ ጥያቄዎች አሉ። መልሶቹ የኔ ናቸው። የማይስማማ ሰው ቢኖር አይገርመኝም።

በፎቶ መጻፍ ማለት ፎቶውን በቃላት መግለጽ ነው?

አይደለም። «እናቴ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች፣ ከጎኗ አባቴ አለ፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል» የሚል ጽሑፍ ስንቴ እንዳነበብኩ አልነግራችሁም። ይሄን ፎቶው ራሱ ከናንተ በተሻለ ይሠራዋል። ጽሑፍ የሚያስፈልገው ፎቶው ያልያዘውን ለመያዝ ነው። ከፍሬሙ ውጭ የቆመውን። ካሜራውን የያዘውን። ከመነሳታቸው በፊት የተጨቃጨቁበትን።

እዚህ ላይ «ፎቶው ሰሙ፣ ታሪኩ ወርቁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ሰምና ወርቅ ሁሉም ነገር ላይ ስለተለጠፈ እኔ ትቼዋለሁ።

የትኛውን ፎቶ ልምረጥ?

ቆንጆውን አትምረጡ። የሰርግ ፎቶ በተለይ ያስቸግራል። ሁሉም አንድ ዓይነት ይቆማል፣ ምን ሊሰማን እንደሚገባም አስቀድሞ ታውቋል። ጀማሪ ግን ሁልጊዜ እሱን ነው የሚያመጣው።

የሚያሠራው የሆነ ቦታ ላይ የሚቆረቁር ፎቶ ነው። ሁሉም ካሜራውን ሲያይ አንዷ ወደ በሩ ታያለች። ጥግ ላይ ግማሽ ሰው ገብቷል። እናታችሁ አልበሙን ስታሳይ ቶሎ የምትገልጠው ገጽ አለ። እሱን ያዙ። በመቀስ የተቆረጠ ሰው ያለበት ካገኛችሁማ ሌላ አትፈልጉ። ቆራጩ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይሳካለትም። የተቆረጠው ሰው እጅ የቀረው ሰው ትከሻ ላይ ይቀራል።

እሺ፣ ፎቶውን ፊቴ አስቀመጥኩ። ከዚያስ?

ቶሎ አትጻፉ። አሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩ። አሥር ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሦስተኛው ላይ ይሰለቻችኋል። ፊትን ለመጨረሻ አቆዩት፣ ምክንያቱም ፊት ዓይን ይይዛል፣ ሌላውን አያሳይም። ከጥግ ጀምሩ። ከጫማ፣ ከእጅ፣ ከወለሉ።

የራሴን ልንገራችሁ። አክስቴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ገብታ የተነሳችው ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። ከኋላዋ በቀለም የተሳለ ሐይቅ አለ። ከቀሚሷ በላይ የደረበችው ኮት ይሰፋታል፣ እጅጌው ጣቶቿ ድረስ ይደርሳል። የስልክ መነጋገሪያ ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች። ጀርባው ላይ «ለመታሰቢያ፣ ጥር 1966» ይላል።

መጀመሪያ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ስለ ውበቷ፣ ስለ ወጣትነት፣ ስላለፈው ጊዜ። ቅራሪ ነበር። ሌላ ቀን እንደገና ሳየው የስልኩን ሽቦ አየሁ። ከጠረጴዛው ወርዶ አየር ላይ ያልቃል። ከምንም ጋር አልተያያዘም። ዓመታት ያየሁት ፎቶ ነው፣ ሽቦውን ግን አይቼው አላውቅም።

ሄጄ ጠየቅኳት። «ፎቶ አንሺው 'ሃሎ በይ' አለኝ» አለች። «'ለማን ልበል?' ስለው 'ለምትወጂው' አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዝም አልኩ። አፌን አታየውም፣ ግጥም ብሏል።»

ኮቱም የፎቶ ቤቱ ነበር። ያኔ ፎቶ ቤቶች ኮትና ክራባት ያውሱ ነበር። ዛሬም ለጉርድ ፎቶ ከሚስማር አውርደው የሚያለብሱ አሉ። ያ ኮት በዚያ ሳምንት ስንት ሰው ላይ እንደዋለ አስቡት። የጻፍኩት አጭር ልብ ወለድ ስለ ውበቷ አንድ ዓረፍተ ነገር የለውም። ስለ ተዋሰችው ኮትና ስላልተባለችው ሃሎ ነው።

ሽቦ ካላገኛችሁ እነዚህን ጠይቁ። ፎቶው ላይ መኖር ሲገባው የሌለው ማነው? ከተነሱ በኋላ ወዴት ሄዱ፣ አብረው ወይስ ለየብቻ? ካሜራውን የያዘውስ ማነው? የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን ነው፣ ልጆቹም ሥራውን ወርሰው እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቀጥለዋል። መኳንንቱን በታሪክ መጽሐፍ ላይ ስናይ የምናየው እሱና ልጆቹ በቆሙበት በኩል ነው። በቤታችሁ አልበምም እንዲሁ ነው። ሁሉን ያነሳው አጎት ራሱ አንድም ፎቶ ላይ የለም።

ፎቶው መቼ እንደተነሳ እንዴት አውቃለሁ?

መጀመሪያ ጀርባውን አገላብጡ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ «ለማትረሳኝ ጓደኛዬ» የምትል ጽሑፍ ይገኛል። ቀን ካለ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጣሩ። በእጅ በአማርኛ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የኛው ነው። ፎቶው ጥግ ላይ በብርቱካናማ ቁጥር የታተመው ደግሞ ካሜራው ያተመው የፈረንጅ ቀን ነው። እሱንም በሙሉ ልብ አትመኑት። ቀኑ ሳይስተካከል በስንት ካሜራ ስንት ልደት ተነስቷል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። እናም ጥር 1966 ማለት በነሱ ጃንዋሪ 1974 ነው።

ቀን ከሌለ ልብስና ፀጉር ይናገራል። አፍሮና ቤል ቦተም ካያችሁ 1960ዎቹ ውስጥ ናችሁ። ካኪ ለብሰው ገጠር ላይ የተነሱ ተማሪዎች ከሆኑ የእድገት በኅብረት ዘማቾች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ያ ዘመቻ የጀመረው ታኅሣሥ 1967 ነው። ከኋላ ላዳ ታክሲ ከቆመ ዘመኑ ደርግ ወይም ከዚያ ወዲህ ነው።

ቀለሙም ይናገራል። የ1970ዎቹ ባለቀለም ፎቶ ብዙ ጊዜ ወደ ቀይ አድልቷል። በዚያ ዘመን ወረቀት ላይ ሰማያዊው ቀለም ከሌሎቹ ቀድሞ ስለሚደበዝዝ ነው፣ ጨለማ ውስጥ ቢቀመጥም። የናታችሁ ነጭ ሐበሻ ቀሚስ ሮዝ ሆኖ የሚታየው ለዚያ ነው። ጥቁርና ነጩ የበለጠ ይቆያል።

ቀኑ የሚጠቅመው ለታሪክ ሊቅነት አይደለም። አክስቴ ባዶ ስልክ ይዛ ስትነሳ አብዮቱ ሊፈነዳ የቀረው አንድ ወር ገደማ ነው። እሷ አታውቅም፣ እኔ አውቃለሁ። ይሄ ክፍተት ታሪኩን ሲያስጨንቀው ይታወቀኛል፣ ስለ አብዮቱ አንድ ቃል ሳልጽፍ።

ትልልቆቹን እንዴት ላናግራቸው? ስጠይቅ «ምኑን አስታውሳለሁ» ይሉኛል።

«እስቲ ስለዚህ ፎቶ ንገሩኝ» አትበሏቸው። ፈተና ይመስላል። ፎቶውን እጃቸው ላይ አስቀምጡና ዝም በሉ። ወይም ሆን ብላችሁ ተሳሳቱ። «ይሄ ኮት የጋሼ ነበር አይደል?» በሉ። ሊያርሟችሁ ሲሉ ይጀምራሉ። አያቴ ላይ ይሄ ዘዴ ከሽፎብኝ አያውቅም።

ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ከነገራችሁ ደግሞ እሰየው። ለማስታረቅ አትቸኩሉ።

ማንም የሚያውቅ ካልቀረስ? ያኔ ፍጠሩ። ልብ ወለድ ነው የምትጽፉት። ቁርጥ ያለ ነገር አውቃለሁ ብላችሁ እንደ እውነተኛ ታሪክ ካላቀረባችሁት በስተቀር ማንንም አልዋሻችሁም።

የማስታውሰው እውነት ነው ወይስ ፎቶውን ደጋግሜ ስላየሁት?

መለየት ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ 20 አዋቂዎችን ወሰዱ። የየራሳቸውን የልጅነት ፎቶ ቆርጠው በሞቃት አየር ፊኛ የተሳፈሩ አስመስለው ቀጠሉት። እንዲህ ያለ ነገር አንዳቸውም ላይ አልደረሰም። ከሦስት ቃለ መጠይቅ በኋላ ግማሾቹ ያልሆነውን ጉዞ፣ ይብዛም ይነስም፣ ያስታውሱት ጀመር።

እኔም አለኝ አንድ። ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ በግ ላይ ተቀምጬ የተነሳሁት። የበጉ ሽታ ሁሉ ይታወሰኛል። በሁለት ዓመት! ሊሆን አይችልም፣ ግን ይሸተኛል።

ግለ ታሪክ የምትጽፉ ከሆነ «ትዝ ይለኛል» ከማለት «ፎቶው ላይ እንደማየው» ማለት ይሻላል። ልብ ወለድ ከሆነ ችግር የለም፣ ሽታውን ጻፉት።

የድሮ አልበም የለኝም። የስልክ ፎቶ አይሆንም?

ይሆናል። ችግሩ ብዛቱ ነው። ስልካችሁ ላይ አምስት ሺህ ፎቶ አለ፣ ግማሹ ስክሪንሾትና የባንክ ደረሰኝ ነው። (ደረሰኙም ቢሆን አይናቅም። ለማን፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት ሌሊት እንደተላከ ያሳያል።) ስለዚህ አንድ ወር ምረጡና የዚያን ወር ብቻ እዩ። ከተመሳሳዮቹ ውስጥ ለፌስቡክ ያልተመረጠውን፣ ዓይን የተጨፈነበትን ውሰዱ።

የስልክ ፎቶ የተነሳበትን ሰዓትና፣ ሎኬሽን ከተከፈተ፣ ቦታውንም ይዞ ይቀመጣል። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ሲላክ ግን ይሄ መረጃ ይጠፋል። ከዘመድ የምትቀበሉ ከሆነ «እንደ ፋይል ላኩልኝ» በሉ።

ከዓረብ አገር የሚላኩትን ደግሞ ልብ በሏቸው። እህት ሰፊ ሳሎን ውስጥ፣ ወርቃማ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ፈገግ ብላለች። ሶፋው የአሠሪዎቿ ነው። እናት አገር ቤት ፎቶውን ለጎረቤት ታሳያለች። የፒያሳው ኮት አሁንም ሥራ ላይ ነው።

ጭራሽ ፎቶ የሌለንስ?

ብዙ ቤተሰብ የለውም። ይሄ ድህነት ብቻ አይደለም። በ1969 የደርግ የቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ ያስጠይቃል የተባለ ወረቀትና ፎቶ እሳት ውስጥ የገባበት ቤት ነበር። በእግር ሱዳን ገብተው በ1977 በሙሴ ዘመቻ ወደ እስራኤል ከተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ውስጥ የአገር ቤት ፎቶ ይዞ የደረሰ ጥቂት ነው። ልጆቻቸው ዛሬ ሲጽፉ የሚነሱት ከባዶ ገጽ ነው።

ያልተነሳውን ፎቶ ጻፉ። «ካሜራ ቢኖረን ኖሮ እዚህ ጋ እንነሳ ነበር» የምትሉትን ቅጽበት። ማን የት ይቆማል? ማን አልነሳም ብሎ ይሸሻል? ፀሐይዋ ከየት በኩል ናት? ከእውነተኛ ፎቶ ይልቅ በዚህኛው ጥሩ ጽሑፍ ሲወጣ አይቻለሁ።

ጉርድ ፎቶንም አትርሱ። የብዙ እናቶቻችን የመጀመሪያ ፎቶ ለቀበሌ መታወቂያ የተነሳ ጉርድ ነው። አልፈለገችውም፣ ታዝዛ ነው የተነሳችው። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርጂ ተብላ ይሆናል። አንዲት ጉርድ ፎቶ ከነማኅተሟ ሙሉ ልብ ወለድ ትሆናለች።

ግጥም ልጻፍ ወይስ ልብ ወለድ?

ፎቶው ላይ የያዛችሁ አንድ ነገር ከሆነ ግጥም፣ «ከዚያስ?» ካሰኛችሁ ልብ ወለድ። ከዚህ በላይ አልፈላሰፍበትም።

ቤተሰቤ ቅር ቢለውስ? ሕጉስ ምን ይላል?

ቅር ይለዋል። ተዘጋጁ። አክስቴ ታሪኩን ሳነብላት መነጽሯን አወለቀች። «እኔ እንዲህ አላልኩም» አለች። የልብ ወለዷ ልጅ መጨረሻ ላይ ስልኩ ውስጥ ስም ትጠራለችና። «እኔ ዝም ነው ያልኩት። ዝም!» ሁለት ሳምንት ስልኬን አላነሳችም። ጥፋቱ የኔ ነበር። ስሟን መቀየሬ በቂ መስሎኝ፣ ሳትሰማው ለሰው አስነብቤ ነበር። በሰፈር ያቺን ኮት የማያውቅ የለም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር አደርጋለሁ። ስም ብቻ ሳይሆን ከተማና ሥራም እቀይራለሁ። በሕይወት ላለ ሰው አስቀድሜ አነባለሁ። የሌላ ሰው ምስጢር ከሆነ፣ ለምሳሌ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከነጭራሹ እተወዋለሁ።

ፎቶውን ራሱን ማውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ለታዋቂ ሰውና ለሕዝባዊ ክንውን የተለየ ሁኔታ ያስቀምጣል። አክስታችሁ ግን ታዋቂ ሰው አይደሉም። ፎቶ አንሺውም መብት ሊኖረው ይችላል፣ እሱን የሚመለከተው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ለመጽሐፍ ከሆነ ጠበቃ አማክሩ። ለራሳችሁ ደብተር ከሆነ ማንም አይመጣባችሁም።

አልበሙ እያረጀ ነው። እንዴት ላቆየው?

የመስኮት ብርሃን አጠገብ አስቀምጣችሁ፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ በስልክ አንሱት። ስካነር ካገኛችሁ ለትናንሽ ፎቶ 600 ዲፒአይ (የስካነሩ የጥራት መለኪያ) ይበቃል። ጀርባውንም አብራችሁ አንሱ፣ ጽሑፉ ያለው እዚያ ነው። ተለጣፊ ገጽ ያለው አልበም ላይ ተጣብቆ የቀረ ፎቶ ካለ አትገንጥሉ። የጥርስ ክር ከሥሩ አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ አላቁት፣ እምቢ ካለ ከነገጹ ተዉት። ስም መጻፍ ካማራችሁ ለስላሳ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይሁን። እስክሪብቶ ወደ ፊት በኩል ያልፋል። የአጎቴ ግንባር ላይ «1978» ተገልብጦ የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው።

ጽሑፉ ሲወጣ ፎቶውን አብሬ ላድርገው?

ግለ ታሪክ ከሆነ ደስ ይላል። ልብ ወለድ ከሆነ እኔ አላደርገውም። አንባቢው ፊቷን ካየ ልጅቷን በራሱ ምናብ መሳል ያቆማል።

አንዲት አንባቢ ታሪኩን ጨርሳ «ቀሚሷ ሰማያዊ ነበር አይደል?» አለችኝ። ስለ ቀለም የጻፍኩት የለም። «አዎ» አልኳት። ወሬውን ለአክስቴ ሳደርስ፣ ያኔ ታርቀናል፣ ሳቀች። አረንጓዴ ነበር አለች።